በቃል ተቀጥሬ በቃል ተባረርኩ፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጋጋሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሌሊት ስጋግር ነበር። ማታ 3 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ደመወዜ 7,200 ብር ነው። ውል የሚባል ነገር አልፈረምኩም፤ ጡረታም አይቆረጥልኝም። ባለፈው ሌሊት ላይ መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ የለውም። ምድጃ ውስጥ የነበረው ዳቦ ላዩ ቀላ ብሎ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ባለቤቱ ጠዋት መጣ፣ አንዱን ቆርሶ አየና ምንም ሳይል ሄደ። ወር ሲደርስ ከደመወዜ 4,000 ብር ቆርጦ ቀሪውን ሰጠኝ። "መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዴ?" ስለው "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" አለኝ። በቃ። ጓደኞቼ "ውል ከሌለህ አርፈህ ሌላ ሥራ ፈልግ" ይሉኛል። እውነት ነው?

የሰው ኃይሏ፦
ኧረ አይደለም! ውል በቃልም ይጸናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት ነው፤ ያንተን መብት አያስቀርም።

የተቆረጠውን እንይ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ፣ አንተም በጽሑፍ ካልተስማማህ ከደመወዝህ ሰባራ ሳንቲም መንካት አይችልም። ቢፈቀድለት እንኳ ከወር ደመወዝህ ሲሶ አያልፍም። ያንተ ሲሶ 2,400 ብር ነው። 4,000ውን ከየት አመጣው?

ስንብቱም ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ መሆን ነበረበት። ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው ካለ ወይ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፣ ወይ ካሳ ይወሰንልሃል። ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። በዚያ ላይ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። የሥራ ስንብት ክፍያም አለህ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሲሶው፣ በድምሩ 9,600 ብር ገደማ።

ትርፍ ሰዓት ይከፍልህ ነበር? መደበኛው በቀን 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የሠራኸው ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ከወደቀ የሰዓት ክፍያህ በ1.75፣ ከ12 በኋላ ከሆነ በ1.5 ይባዛል። በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5።

ብቻ ጊዜ አታጥፋ። ወደ ሥራ ልመለስ ካልክ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለብህ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ ክፍያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱን ትርፍ ሰዓት በሙሉ አገኛለሁ ብለህ አትጠብቅ።

ባለ ዳቦ ቤቱ፦
እኔም ዳቦ ቤት አለኝና ትንሽ ልበል። እዚህ ሁሌ ጅቡ አሠሪው ነው። ሠራተኛ ለፋሲካ ዋዜማ ስልኩን ዘግቶ ሲጠፋ ማን ይጠይቅልናል? ሕጉ ግን እጃችንን አላሰረም። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይቻላል። "በጽሑፍ" የምትለዋን ነው ብዙዎቻችን የምንዘላት። እኔ ለዚህ ደብተር አለኝ፤ ይፈርማል፣ አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ያይልኛል።

ንብረት ማበላሸትም ያሰናብታል፤ ግን ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲሆን ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ናፍጣ ያልሞላው ማን ነው? ለማንኛውም እኔ ብሆን መጀመሪያ ሽማግሌ እልክ ነበር።

ጋጋሪው፦
ሽማግሌ ልኬ "የት አውቀዋለሁ" ብሏል። አብሮኝ የሚያቦካው ልጅ ሁሉን ያውቃል፤ ግን ለእንጀራው ይፈራል። ደመወዝ በእጅ ነበር፤ አንዳንድ ወር በቴሌብር ይልክልኝ ነበር።

የሰው ኃይሏ፦
"የት አውቀዋለሁ" ያለ ሰው ለምን በየወሩ ብር ይልክልሃል? የቴሌብሩን መልእክት እንዳታጠፋ፤ አትመህም ያዝ። ልጁ በፈቃዱ ካልመጣ ችሎቱ መጥሪያ ያወጣለታል። ክሱን ፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ሥራ ክርክር ችሎት ታቀርባለህ። የዳኝነት ክፍያ የለውም። ስትከስ የሥራ ልምድ ማስረጃህንም አብረህ ጠይቅ፤ ለሚቀጥለው ዳቦ ቤት ያስፈልግሃል።