አስቸኳይ፦ በኮንትራት የያዝነው ታክሲ ቀረ፣ አክስቴን ሐረር እንዴት ላስጎብኛት?

የእትዬ ልጅ (ጠዋት 2፡20)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነን፣ ከዚራ። ዛሬ ሐረርን ሊያስጎበኘን ትናንት ማታ በኮንትራት የያዝነው ታክሲ አልመጣም። 1 ሰዓት ላይ ነበር የተቀጣጠርነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። 2,000 ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ። ሹፌሩ አስጎብኚም እኔው ነኝ፣ ጀጎልንም፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ውስጥ ለውስጥ በመኪና አዞራችኋለሁ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ለብሳ ከተቀመጠች ቆየች፣ በር በሩን እያየች ነው። ነገ ተመላሽ ነን። ምን ላድርግ? እባካችሁ ቶሎ።

አቦ ከዚራ (2፡24)
አብሽሪ እህቴ፣ ገና ጠዋት ነው። መናኸሪያ ሂዱ፣ የሐረር ሚኒባስ ሲሞላ ይወጣል። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እዛ ስትደርሱ አስጎብኚ ትይዛላችሁ። አለቀ።

ደቻቱ ማዶ (2፡27)
ስንት ሰው ናችሁ? ነገ ስትይ ጠዋት ነው ማታ? በአውሮፕላን ነው በመኪና? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ?

የጀጎል ታሪክ ወዳጅ (2፡31)
መጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። «ጀጎልን ውስጥ ለውስጥ በመኪና» የሚባል ጉብኝት የለም። ይህን ቃል የገባላችሁ ሰው ወይ ጀጎልን አያውቀውም ወይ አላከበራችሁም። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ መኪና የሚባል ነገር የለም። በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከአምስቱ አይቆጠርም፣ ኋላ የተከፈተ ነው። መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻ የሚነካኩባቸው ናቸው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ የቅዱሳን መቃብርና መዘየሪያ ቦታዎች ማለት ነው፣ ተቆጥረውለታል። ይህ ሁሉ በግንቡ ውስጥ ነው። በመኪና መስኮት እንዴት ይታያል? ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች እንኳ አሉ፣ እነሱን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሐረር በእግር ነው የሚታየው። ጫማ ቀይሩ፣ ሚኒባስ ያዙ፣ በእግራችሁ ግቡ።

የእትዬ ልጅ (2፡36)
ይቅርታ ቸኩዬ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ አክስቴ፣ ባለቤቴና የ9 ዓመት ልጃችን። በረራችን ነገ 4 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ብዙ መራመድ አትችልም፣ ታክሲ የያዝኩትም ለዚህ ነው። ልጅ እያለች እዚሁ ድሬ ነበሩ። እናቷ ለበዓል ቀሚስ ልታሰፋላት ሐረር ትወስዳት ነበር። ከአገር ከወጣች 40 ዓመት አልፏታል። ዛሬ ካላየች መቼ እንደምታይ እግዚአብሔር ያውቃል።

አቦ ከዚራ (2፡38)
እንደዛ ከሆነም ሚኒባስ ነው የሚሻለው። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ እግሯን ትዘረጋለች።

ሹፌር ነኝ (2፡41)
እኔ በዚህ መስመር የምሠራ ነኝ። ዛሬ ሌላ ሥራ ይዣለሁ እንጂ እኔው እመጣ ነበር። የቀረውን ሹፌር ገና ሌባ አትበሉት። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሆኖ ስልኩን መኪና ውስጥ ጥሎት ሊሆን ይችላል፣ እኛ ላይም ይደርሳል። ግን እስከ 3 ሰዓት ብቻ ጠብቁት። መልእክት ጻፊለት፦ «3 ሰዓት ካልደረስክ ሌላ እንይዛለን፣ ቀብዱን መልስ።» ይቀመጥልሽ፣ በቃል ብቻ አይሁን።

ሌላ ስትይዙ ደግሞ እንዲህ ተነጋገሩ። ሙሉ ቀን ከሆነ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ተጨማሪ ያስከፍል እንደሆነ፣ ማታ ጅብ ታያላችሁ ከሆነ በጨለማ ይመለስ እንደሆነ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከመጨረሻው ነው። ሹፌሩ 11 ሰዓት መመለስ መስሎት ይመጣል፣ እንግዳው ጅቡን ሳላይ አልሄድም ይላል። ሌላው፣ ሹፌርና አስጎብኚ ሁለት ሥራ ነው። እኔ 12 ዓመት ስነዳ ጀጎል ውስጥ ሰው አላስጎበኘሁም። በሩ ላይ አስረክባለሁ፣ እዛ ባጅ ያለው አስጎብኚ ይቀበላቸዋል። ሁለቱንም እኔ ነኝ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ባጁን አሳየኝ በይው።

ሼመንደፈር ሰፈር (2፡45)
እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናታችን የድሬ ልጅ ከሆኑ ለምን ሐረር? ለምን ድሬን አታሳያትም? ባጃጅ ብቻ ይበቃችኋል። የድሮውን የምድር ባቡር ጣቢያ እዩ። ድሬ የተቆረቆረችው ለባቡሩ ብላ ነው፤ ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ። ወደ ሐረር መሄድ ነበረበት፣ ተራራው ከለከለው። ለዚህም ነው ከተማዋ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ 15 ዓመት ቆይቶ። ከዛ በከዚራ ዛፎች ሥር እለፉ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራችሁ መጋላ፣ ከዛ ቀፊራ ገበያ። በሩና ቅስቶቹ ብቻ ያስለቅሷታል። ሁሉም አጭር ነው፣ ለጉልበቷም ይስማማል።

ደቻቱ ማዶ (2፡47)
ሰውየው ባቡር ሲነሳ አያቆምም እኮ። እህቴ የጠየቀችው ሐረርን ነው።

ሼመንደፈር ሰፈር (2፡48)
ባቡር ሲነሳ ማን ያቆማል ወዳጄ። ግን ከልቤ ነው። ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ፣ ደንገጎን፣ ወጥቶ መውረድ ለጉልበት ታማሚ ቀላል አይደለም።

የእትዬ ልጅ (2፡50)
ድሬን ትናንት በባጃጅ አዞርናት፣ ጣቢያውን ከውጭ አየችው፣ ቀፊራም ሄድን። አለቀሰች፣ እውነትዎን ነው። ግን ከአሜሪካ ጀምራ «ሐረር፣ መኪና ግርግር» ነው የምትለው። ሹፌሩ አሁንም አያነሳም።

ሰንጋ በር (2፡56)
ሐረር ነው የምኖረው። የታሪክ ወዳጃችን ያሉት ልክ ነው፣ ግን ለእናታችን አልሆነም። በእግር ካልሆነ አይታይም ብላችሁ ሰው አታስቀሩ። እኔ አያቴን እንዲህ አሳይቻታለሁ፣ እሷም በምርኩዝ ነበረች።

ከድሬ በመጣችሁበት መኪና በሐረር በር ግቡ። ከዛ እስከ ፈረስ መጋላ ያለው መንገድ ሰፊ አስፋልት ነው፣ መኪና ይሄዳል። ፈረስ መጋላ ላይ ውረዱ። አደባባዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ መጀመሪያ ቡና ጠጡ፣ ትረፍ። መኪና ግርግር ከዛው ይጀምራል። ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም መንገዱ ዳር ናቸው። ትንሽ ቁልቁለት ነው፣ ስለዚህ ሲመለስ ዳገት ይሆናል። ሙሉውን አታስኬዷት። የመጀመሪያዎቹ ሰፊዎች ጋ ወንበር ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። እናቷ ያሰፋችላትን ስትነግራቸው እመኑኝ፣ አይለቋትም። ጨርቅ መርጣችሁ የሆነ ቀላል ነገር ብታሰፉ እዛው ይጨርሱላችኋል።

የፈረንሳዊው ገጣሚ የራንቦ ቤትና የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው የሸሪፍ ሙዚየም ሩቅ አይደሉም፣ ግን ሁለቱም ደረጃ አላቸው። ባለቤትሽና ልጁ ከአስጎብኚው ጋር እነሱን ይዩ፣ አንቺ ከእትዬ ጋር ቆዪ። አንድ ብቻ ግን አስጎብኚውን ለምኑት፦ ቅርብ ያለ የጌይ ጋር፣ የአደሬ ቤት ማለት ነው፣ ይውሰዳት። መደቦቹ ምንጣፍና ትራስ ስላላቸው አረፍ ትላለች። ግድግዳው ሙሉ ሰሃንና ሙዳይ ነው። ቆሞ የሚታይ ሳይሆን ተቀምጦ የሚታይ ስለሆነ ለጉልበት ታማሚ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ግንቡን ለማየት ከውጭ በኩል አሮጌዎቹን ፔጆ 404 ታክሲዎች ያዙ። ከበር ወደ በር ያዞሯችኋል። እኛ ሐረሮች ያደግነው በነሱ ነው፣ እሷም ታስታውሳቸዋለች።

የጀጎል ታሪክ ወዳጅ (3፡01)
የራንቦ ቤት ስትሉ ይታወቅ፣ ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ቢመጣም የኖረበት ቤት ያ አይደለም። እሱ በ1891 ሞቷል፣ ቤቱ የተሠራው ከዛ በኋላ ነው፣ በህንዳዊ ነጋዴ። ባለቀለም መስታወቱና የእንጨት ሥራው ግን መታየት አለበት። ስለ ጉልበታቸው የሰንጋ በር ሐሳብ የተሻለ ነው፣ እኔ ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። እግዚአብሔር ይማርልን።

አቦ ከዚራ (3፡03)
ሚኒባሱ ሐረር መናኸሪያ ካደረሳችሁ በኋላም ፔጆ መያዝ ይቻላል እኮ።

ሹፌር ነኝ (3፡05)
ወንድሜ፣ የ71 ዓመት ሰው ይሞላል ተብሎ መናኸሪያ ላይ አይቀመጥም። ሚኒባስ ከሆነም በኮንትራት፣ የሁሉንም ወንበር ከፍለው፣ ከሆቴላቸው ይነሱ። እህቴ፣ 3 ሰዓት አልፏል። ሆቴሉን ጠይቂ፣ የሚያውቁት ሹፌር አይጠፋም። ሆቴሉ የጠራው ሰው እንዲህ አይቀርም፣ ነገም ከነሱ ጋር ስለሚሠራ። የልጁንም የአክስትሽንም መታወቂያና ፓስፖርት ያዙ፣ ኬላ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

የእትዬ ልጅ (3፡14)
አሁን ደወለ! መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ እንደገባ ነው የሚለው። ጓደኛዬን በሌላ መኪና እልካለሁ አለ፣ ግን ለጓደኛው ሌላ ቀብድ ክፈሉ ይላል። ባለቤቴ እምቢ በይ አለኝ። አክስቴ ደግሞ «ስጡት፣ እንሂድ ብቻ» እያለች ነው። ልክፈል?

ደቻቱ ማዶ (3፡15)
እንዳትከፍዪ!

ሼመንደፈር ሰፈር (3፡15)
አይ፣ አይ፣ አይከፈልም።

ሹፌር ነኝ (3፡18)
መኪና ይበላሻል፣ ያ ወንጀል አይደለም። ግን ሁለት ቀብድ የለም። የከፈልሽው 2,000 ከጠቅላላው ዋጋ ይቀነስ፣ ሒሳቡን ሁለቱ ይጨራረሱ። እሺ ካለ መኪናው ይምጣ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንሺና ለሰው ላኪ፣ ከዛ ውጡ። እምቢ ካለ ሆቴሉ የሚጠራላችሁን ያዙ፣ ቀብዱን በኋላ ትከራከሪያለሽ። በ2,000 ብር ቀኑ አይለፍባችሁ።

ፈላና በር ሥር (3፡22)
ስለ ጅቡ ማንም አልነገራትም። ልጅ ይዛችኋል አይደል? ጅብ የሚበላበት ቦታ ሰንጋ በርና ፈላና በር በኩል ነው፣ ከመሸ በኋላ፣ 1 ሰዓት ገደማ። መኪናው እስከ ቦታው ይደርሳል፣ አንዳንዴ የሚታየውም በመኪናው መብራት ነው። እትዬ ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት ያዩታል። ልጁ ከፈለገ ሥጋውን በእንጨት ይዞ ያበላል፣ አይዟችሁ፣ አብላዎቹ ለምደውታል። ግን ነገ በረራ ስላላችሁ ሹፌሩ በማታ ደንገጎን ለመውረድ ፈቃደኛ መሆኑን አሁኑኑ ጠይቁት። ካልሆነ ሐረር አድራችሁ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት ነው። ኤርፖርቱ ድሬ ስለሆነ እኔ ማደሩን አልመክርም። በ11 ሰዓት ግን አትነሱ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ደምቆ መንገዱ ሊጨናነቅባችሁ ይችላል።

ሰንጋ በር (3፡25)
ስትወጡ ሐሮማያ ሐይቅ ጋ አቁሙላት። ደርቆ ነበር፣ ውሃው ተመልሷል። እሷ ስትሄድ ሐይቅ ነበር፣ አሁንም ሐይቅ ነው። የመሃሉን አትንገሯት፣ እሷው ትጠይቅ።

የእትዬ ልጅ (3፡41)
እሺ አለ! ቀብዱ ከዋጋው ተቀነሰ። ማታ 3 ሰዓት ድሬ እንድንገባ ተስማማን፣ ጻፍኩለት፣ እሺ ብሎ መለሰልኝ። ሌላኛው ሹፌር መጣ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። አስጎብኚ አይደለሁም፣ ሐረር በር ላይ የማውቀው ባጅ ያለው ልጅ አለ፣ እደውልለታለሁ አሉ። የሰሌዳውን ፎቶ ለወንድሜ ልኬያለሁ። አክስቴ ፊት ወንበር ላይ ናት። ሹፌሩን መኪና ግርግርን ያውቁታል ወይ እያለች ጠየቀቻቸው፣ እኔም የሠርጌን ሱሪ ያሰፋሁት እዛ ነው አሏት፣ አሁን ወሬ ይዘዋል። ወጣን። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማታ እጽፋለሁ።

ሹፌር ነኝ (3፡43)
በሰላም ግቡ። እትዬ የልብስ ሰፊውን ወንበር እንዳይረሱ።

ሰንጋ በር (ማታ 4፡10)
እህቴ ገባችሁ? ቀሚስ ተሰፋ?

ደቻቱ ማዶ (በማግስቱ፣ 5፡30)
በረራው 4 ሰዓት ነበር፣ አሁን አየር ላይ ናቸው። ስትደርሺ ጻፊልን።

ባለ ሦስት ልጅ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሰላም። ይሄን አንብቤ ነው። እኛም ቅዳሜ ከድሬ ወደ ሐረር ልንወጣ ነው፣ ስድስት ነን፣ ትንሹ 2 ዓመቱ ነው። ፔጆው ስድስት ሰው ይጭናል? ጅቡ ጋ የ2 ዓመት ልጅ ይወሰዳል ወይስ ይፈራል?

አቦ ከዚራ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሚኒባስ ያዙ።