ክርክር፦ ኪሎሜትር የሚረዝመው የራጅ ሌዘር ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከአንድ ተማሪ የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦ «መንግሥታት በሕዝብ ገንዘብ ኪሎሜትር የሚረዝሙ ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘሮችን መገንባታቸውን ይቀጥሉ? ወይስ ገንዘቡን አክስለሬተሩን ራሱን ለሚያሳጥር ምርምር ያውሉት?»

ለአዲስ ገቢዎች ነገሩን ባጭሩ። ኤሌክትሮኖቹ አክስለሬተር በሚባል ማጣደፊያ ማሽን ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርሱበት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ይጣደፋሉ። ከዚያ አንዱሌተር በሚባል የማግኔት ኮሪደር ውስጥ ይለቀቃሉ። ማግኔቶቹ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ እያሉ ስለተደረደሩ ኤሌክትሮኑ እንደ እባብ ይጥመለመላል። በተጥመለመለ ቁጥር ብርሃን ይረጫል። ብርሃኑ ደግሞ ዞሮ ኤሌክትሮኖቹን በቀጫጭን ረድፍ ያሰልፋቸዋል። ተሰልፈው አንድ ላይ ሲያበሩ ሌዘር ሆነ ማለት ነው። ጆን ማዴይ ሐሳቡን በ1971 አሳተመው። ጠንካራ ራጅ፣ ማለትም ሞገዱ አቶም ለማየት የሚያህል አጭር የሆነ ራጅ፣ ላይ ለመድረስ ግን እስከ 2009 ተጠብቋል። የዓመቶቹ አቆጣጠር የፈረንጆቹ ነው። በሉ ጀምሩ፤ ስድብ የለም።

ቆጣቢ፦
እኔ ይብቃ ባይ ነኝ። ሃምቡርግ ያለው የአውሮፓ ማሽን 3.4 ኪሎሜትር ነው፤ አብዛኛው መሬት ውስጥ። ወጪው በ2005 ዋጋ ተሰልቶ ከ1.2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። አሜሪካኖቹ ካሊፎርኒያ ላይ የመጀመሪያውን በቅጡ ሳይጠግቡት ሁለተኛውን ጨመሩበት፤ እሱም ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ሻንጋይ ላይ ደግሞ ሌላ 3 ኪሎሜትር የሚያልፍ በ2018 ተጀመረ።

ይሄ ሁሉ ርዝመት ለምን? ብረቱ ስለማይችል ነው። የሱፐርኮንዳክተር ካቪቲ፣ ማለትም በጣም ቀዝቅዞ ኤሌክትሮኑን የሚያጣድፈው የብረት ቱቦ፣ በአንድ ሜትር የሚሰጠው ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ነው። ቢሊዮኖች ስትፈልግ መቶዎችን መደርደር የግድ ነው። ፕላዝማ ውስጥ ግን፣ ማለትም አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን በለቀቁ ጋዝ ውስጥ፣ በሜትር ሒሳብ እስከ ሺህ እጥፍ ይገኛል። በ2021 የሻንጋይ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖችን በሌዘርና በፕላዝማ፣ በሚሊሜትሮች ውስጥ አጣድፈው በ27 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሞገድ ርዝመት ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር አሳዩ። በ2022 ጣሊያን ፍራስካቲ ላይ ፕላዝማውን በኤሌክትሮን ጨረር እየነዱ በኢንፍራሬድ አደረጉት። መንገዱ ታይቷል። ታዲያ ዋሻ መቆፈሩን ምን አመጣው?

ሌላም አለ። ክብ ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮን እየዞረ ራጅ የሚሰጥበት ማሽን) ቢሆን በደርዘን የሚቆጠሩ ቡድኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ። እዚህ ግን ቢሊዮን ከስክሰህ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው ጥቂት ሰው ነው።

ብየዳ፦
ቆጣቢ ወንድሜ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው፤ ድምዳሜህ ግን ቸኮለ። 27 ናኖሜትር እኮ ራጅ አይደለም፣ አልትራቫዮሌት ነው። አቶም ለማየት 0.1 ናኖሜትር አካባቢ ያስፈልግሃል። የኤሌክትሮኑን ጉልበት እጥፍ ስታደርገው የሞገዱ ርዝመት ሩብ ይሆናል። የሻንጋዩ ጨረር ግማሽ ጊጋ (ቢሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነበር። ሃምቡርግ እስከ 17.5 ይሄዳል። ደግሞ ጉልበት ብቻውን አይበቃም። ኤሌክትሮኖቹ ጉልበታቸው እርስ በርስ ከሺህ አንድ እጅ በላይ ከተለያየ አይሰለፉም፤ ሌዘሩም አይነሳም። ፕላዝማ አንዱን ምት (የጨረር ብልጭታ) አሳምሮ ይሰጥህና ቀጣዩን ያበላሸዋል። ሃምቡርግ በሰከንድ እስከ 27,000 ምት ይተኩሳል፣ ያውም ቀን ከሌት።

ከራሴ ልናገር። ካቪቲ በሚገጣጠምበት ንጹሕ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ካቪቲው አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ዘጠኝ እብጠት ያለው፣ ኒዮቢየም ከሚባል ብረት የተሠራ ቱቦ ነው። በኤሌክትሮን ጨረር ይበየዳል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ ከዚያ ውስጡ እጅግ በተጣራ ውኃ፣ በ100 ባር ግፊት ይረጫል። እዚያ ክፍል ሰው እየተራመደ አይገባም፤ እየተንሳፈፈ ነው የሚመስለው። እጅህን ቶሎ ካንቀሳቀስክ አቧራ ታስነሳለህ። ብሎን እንኳ አንድ በአንድ በናይትሮጅን ይነፋል፣ አጠገቡ የብናኝ መቁጠሪያ ተደቅኖ።

አንድ ቀን ሰዓት ሄዶብን አንዲት ቀለበት በጥድፊያ ገጠምን። መቁጠሪያውን ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ካቪቲው ቀዝቅዞ ሲፈተን፣ ከታሰበለት ግማሽ ላይ ሲደርስ ከውስጡ ጨረር መትፋት ጀመረ። አንዲት ብናኝ ኤሌክትሮን እየተፋች ነበር። ተፈታ፣ እንደገና ታጠበ፣ እንደገና ተገጠመ። ሳምንታት ሄዱ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት እሱ ነው። ይህን የምለው እውቀቱ ወረቀት ላይ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። እጅ ላይ ነው ያለው። ትልቅ ማሽን ካልተሠራ ያ እጅ ይበተናል።

ክሪስታል፦
እኔ ተጠቃሚ ነኝ፤ ማሽን አልሠራም። ፕሮቲን አጠናለሁ። ይብቃ የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በፌምቶ ሰከንዶች (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ) የሚያልቅ ራጅ ከየት ልናገኝ ነው? ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ምቱ ክሪስታሉን ያተነዋል። ከመትነኑ በፊት ግን ራጁ ከክሪስታሉ ተበትኖ መመዝገቢያው ላይ አርፏል። በ2012 መጨረሻ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ አንድ ኢንዛይም በዚህ መንገድ ታየ። ክሪስታሎቹ ያደጉት በነፍሳት ሴል ውስጥ ነበር፤ ለተለመደው ራጅ በጣም ያንሳሉ። ኢንዛይሙ ሥራውን ከሚያግደው ተፈጥሯዊ መዝጊያው ጋር ተቀርጾ ወጣ። መድኃኒት ለሚነድፍ ሰው መዝጊያው የት እንደሚቀመጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በሽታው ዳነ አላልኩም፣ እንዳታጋንኑብኝ።

ቆጣቢ የሚጠቀመው ጥቂት ሰው ነው ያለው ግን እውነት ነው። ጥሩ ማመልከቻ አስገብተሽ ሰዓት የለም ትባያለሽ። ሲሰጥሽም ጥቂት ፈረቃ ነው፤ ናሙናው ማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ከደፈነ የወራት ዝግጅት አበቃለት። እኔ ግን ከዚህ የማወጣው የአንተን ተቃራኒ ነው። እጥረት ካለ ይጨመር እንጂ እንዴት ይቆማል?

ቆጣቢ፦
እህቴ፣ ፌምቶ ሰከንዱን አልነካሁም። የነካሁት ቢሊዮኑን ነው። ብየዳ ደግሞ ሳያውቀው ለእኔ መሰከረ። ሃምቡርግ ላይ ወደ 800 የሚሆኑ ካቪቲዎች ያስፈልጉ ነበር። የሠሯቸው ሁለት ፋብሪካዎች ናቸው፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ጣሊያን። ካቪቲዎቹን የያዙት ሞጁሎች የተገጣጠሙት ፈረንሳይ ነው፣ ሳክሌ። ትዕዛዙ ሲያልቅስ? ቀጣዩ ማሽን እስኪመጣ ያ ሁሉ እጅ ቁጭ ይላል። እውቀትን ለማቆየት በየአሥር ዓመቱ አዲስ ዋሻ መቆፈር ውድ ዘዴ ነው። ምርምሩን ራሱን፣ ያለማቋረጥ፣ በልኩ መደገፍ አይሻልም?

ማግኔት፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። የካሊፎርኒያው ሁለተኛ ማሽን በ2023 ሲያበራ በሰከንድ ከ120 ምት እስከ አንድ ሚሊዮን ለመሄድ ነው። ያንን የቻለው በርዝመት አይደለም። ከዚያ በፊት ፌርሚላብ በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካቪቲን በእቶን ሲያግሉ ጥቂት ናይትሮጅን ማስገባት ወደ ሙቀት የሚባክነውን ኪሳራ በጣም እንደሚቀንሰው ተደርሶበት ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል? ካቪቲው በሚሠራበት በ2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ) አንድ ዋት ሙቀት ለማውጣት ውጭ ላይ ወደ 1,000 ዋት ገደማ ትከፍላለህ። ካቪቲው ኪሳራው ሲቀንስ የሚያቀዘቅዘው የሂሊየም ፋብሪካ ያንሳል፣ የመብራት ሒሳቡም ያንሳል። በትንሽ ሙከራ የተገኘች ዘዴ ናት ትልቁን ያዋጣችው። ግን ትልቁ ባይታዘዝ ኖሮ ማን ይሞክራት ነበር? እንቁላልና ዶሮ ነው ነገሩ።

ደግሞ ምርጫው ዋሻ ወይም ፕላዝማ ብቻ አይደለም። ጃፓኖቹ 700 ሜትር ገደማ ውስጥ ጠንካራ ራጅ አወጡ፣ በ2011። ስዊዞቹ 740 ሜትር። እንዴት ቢባል፣ አንዱሌተሩን አጠበቡት። ማግኔቶቹ ሲቀራረቡ ያነሰ ጉልበት ይበቃል። አክስለሬተሩም መዳብ ነው፤ ሂሊየም አይጠጣም። የስዊዞቹን መዳብ ሳየው ሁሌም ይገርመኛል። ቀለበቶቹ በማይክሮሜትር ደረጃ ተቆርጠው፣ ተደርድረው፣ እቶን ውስጥ ተጣብቀው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ እየነካኩ ማስተካከል የለም። መጀመሪያውኑ ልክ ሆኖ መቆረጥ አለበት፣ አለቀ። በእርግጥ መዳብ በሰከንድ 100 ምት ገደማ ነው፤ ሚሊዮን አትጠብቁበት።

ተማሪ፦
ጥያቄውን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህ ምርምር ለሆስፒታል ይጠቅማል ሲባል እሰማለሁ። በዓለም ላይ ካሉት ከ30,000 በላይ አክስለሬተሮች አብዛኞቹ ሕክምናና ኢንዱስትሪ ውስጥ ናቸው ይባላል። ይሄ ለትልቁ ማሽን ክርክር አይሆንም?

ማግኔት፦
ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የበጀት ማመልከቻ ቋንቋ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሆስፒታል ያለው አክስለሬተር መዳብ ነው፤ በ2 ኬልቪን የሚሠራ ኒዮቢየም እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። ከኒዮቢየም ካቪቲ ቀጥታ ወደ ካንሰር ሕክምና የሚወስድ መንገድ የሚስሉልህን አትመን። የመዳቡ ወገን ግን ሌላ ነው። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ለወደፊት ቅንጣት ማጋጫ ማሽን ያዳበረው፣ በሜትር 100 ሚሊዮን ቮልት የሚደርስ መዳብ ከስዊዘርላንዱ የሎዛን ሆስፒታል ጋር ለጨረር ሕክምና እንዲውል እየተሠራበት ነው። ፍራስካቲም ለሚቀጥለው ፕላዝማ ማሽኑ ያንኑ ዓይነት መዳብ ከፊት ያስቀምጣል።

የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪዎቹም ነገሩን ያዩታል። ዛሬ ቺፕ የሚቀረጽበት የ13.5 ናኖሜትር ብርሃን የሚገኘው በሰከንድ ወደ 50,000 የሚጠጉ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሌዘር እየመቱ ነው። ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር ይተካዋል የሚሉ አሉ። ይሆናል፤ ግን ፋብሪካ ማክሰኞ ቆሞ ሐሙስ የሚነሳ ማሽን አይገዛም።

ቆጣቢ፦
እሺ፣ ትንሽ ልለስልስ። ይብቃ ያልኩትን ወደ አንድ ሁኔታ ልቀይረው። ማንኛውም ትልቅ ማሽን ሲፈቀድ ለካቪቲ፣ ለማግኔት፣ ለኤሌክትሮን ምንጭና ለፕላዝማ ምርምር የተለየ ድርሻ አብሮ ይፈቀድ። የግንባታው ዋጋ ቢንርም ይህ ድርሻ እንዳይነካ ይታሰር። ይህ ከሌለ ድምፄ ያው ተቃውሞ ነው።

ብየዳ፦
ይሄንን እፈርምልሃለሁ። ግን ስንት ፕሮጀክት አይቻለሁ። ኮንክሪቱ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቆረጠው የምርምሩ ድርሻ ነው። ዋሻ ግማሽ ተቆፍሮ አይቀርማ፤ ምርምር ግን ግማሽ ላይ ቢቀር የሚያየው የለም።

ክሪስታል፦
እኔ ሁኔታውን አልቀበልም። ዛሬ ናሙና ይዞ የቆመውን ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተስፋ ማስያዣ ማድረግ ነው። ለሁለቱም ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቁ እንጂ እርስ በርስ አታናጥቁን።

ተማሪ፦
ጋሽ ብየዳ፣ ከክርክሩ ወጣ ልበልና፤ ያንን ብሎን በናይትሮጅን የምትነፉት ስንት ደቂቃ ነው?

ብየዳ፦
ደቂቃ የለውም ልጄ። መቁጠሪያው ዜሮ እስኪል ነው። ዜሮ ካለ በኋላ አንድ ጊዜ ትደግመዋለህ።