በዓመቱ አጋማሽ ርካሽ ሦስተኛ አጥቂ በውሰት ስናመጣ ምን ምን እንይ?

ጦሳ_ሥር፦
ሰላም ጀማው። ጥያቄው ለከፍተኛ ሊግ ክለብ ነው፣ መቀመጫችን ደሴ። 13 ጨዋታ ይቀረናል፣ የመሐል አጥቂ ያለን ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው የጭኑ የኋላ ጡንቻ ደጋግሞ ይይዘዋል። በአጋማሹ የዝውውር መስኮት ሦስተኛ አጥቂ በውሰት ልናመጣ ነው፤ በወር 20 ሺህ ብር ለ5 ወር ተፈቅዷል፣ ከዚያ በላይ የለም።

ሁለት ዕጩ አለ። «ሀ» በዚህ ዓመት 900 ደቂቃ ተጫውቶ 4 ጎል አለው። «ለ» ሁልጊዜ ተቀይሮ እየገባ በድምሩ 300 ደቂቃ ተጫውቶ 2 ጎል አለው። ደጋፊው «ሀ»ን ካላመጣችሁ እያለ ነው። ከመፈረማችን በፊት ምን እንይ?

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የ«ሀ» 4 ጎል በምን እንደገባ ጠይቅ። ሦስቱ ፍጹም ቅጣት ምት ከሆኑ በ900 ደቂቃ ውስጥ በጨዋታ ያገባው አንድ ብቻ ነው፤ በየ90 ደቂቃው ሲሰላ 0.1 ማለት ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው ሌላ ሰው ነው። የ«ለ» ሲሰላ 0.6 ይመጣል፣ ግን 300 ደቂቃ ትንሽ ስለሆነ አትመካበት፤ አንድ ጎል ብትቀንስለት ወዲያው 0.3 ይሆናል። በዚህ ደቂቃ ላይ ጎል ቆጥሮ መምረጥ ዕጣ እንደመጣል ነው።

ይልቅ ሥራውን ለዩ። ሦስተኛ አጥቂ 90 ደቂቃ አይጫወትም። አምስት ቅያሪ በሦስት ጊዜ ማድረግ ከተፈቀደ ወዲህ (የእረፍቱ ሰዓት አይቆጠርም) የዚህ ሰው ድርሻ ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ነው። ያኔ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ስትመሩ ረጅም ኳስ ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚይዝ፣ ስትመሩ ሆነ ስትከተሉ ተከላካዮቹ ኳስ ሲጀምሩ ሮጦ የሚያስጨንቅ። የማዕዘን ምት ሲመታባችሁ የቅርቡን የጎል ቋሚ ማን ይጠብቃል የሚለውም አለ፤ ዋናው አጥቂ ሲወጣ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ብዙ ክለብ ይህን የሚያስታውሰው ጎል ከገባበት በኋላ ነው።

የእያንዳንዱን ሦስት ሙሉ ጨዋታ በቪዲዮ እዩ። የተቆራረጠ «ምርጥ ምርጥ» አትቀበሉ፣ እሱ ላይ የጠፋው ኳስ አይታይም። ወረቀት ይዛችሁ ወደ እሱ የተላከውን ረጅም ኳስ ሁሉ ቁጠሩ፤ ስንቱ በቡድኑ እግር ቀረ፣ ስንቱ ሄደ? ያንኑ ለራሳችሁ ሁለተኛ አጥቂ ቁጠሩ። አዲሱ ከእሱ ካልበለጠ 20 ሺህ ብሩን ለፊዚዮ አውሉት፣ ከተስፋ ቡድን አንድ ልጅ አሳድጉ።

አዝዋ፦
የቦርከና ልክ ነው፣ እኔ ወረቀቱን ልጨምር፤ ክለቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

የውሰት ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሦስት ፊርማ ይኑረው፦ ባለቤት ክለቡ፣ እናንተና ተጫዋቹ። በፊፋ የዝውውር ደንብ መሠረት ውሰቱ ቢያንስ ከአንዱ የምዝገባ መስኮት እስከ ሌላው ይቆያል፣ ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ እናንተም መልሳችሁ ለሌላ ማዋስ አትችሉም። ደሞዙን ማን ስንት እንደሚከፍል በብር ቁጥር ይጻፍ። «በጋራ» የምትለዋ ቃል ናት በሦስተኛው ወር ጠብ የምታመጣው። ከባለቤት ክለቡ ጋር ስትገናኙ ይጫወት አይጫወት የሚለውንም ጻፉት።

ምርመራው ከፊርማው በፊት ይሁን። ደንቡ የውል ጽናትን በሕክምና ውጤት ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። «ምርመራ ካለፈ ይጸናል» ብላችሁ ብትጽፉም አይረዳችሁም፤ ጉልበቱ ተበላሽቶ ቢገኝ እንኳ ደሞዙ እናንተ ላይ ነው።

ዋናውን ላንሳ፦ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት እስከ ሦስት ክለብ መመዝገብ ይችላል፣ ይፋዊ ጨዋታ መጫወት የሚችለው ግን ለሁለት ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ተቀይሮ መግባትም መጫወት ነው፤ የወዳጅነት ግጥሚያ አይቆጠርም። የሁለቱንም ዕጩ የዘንድሮ ታሪክ ከመስከረም ጀምሮ አጣሩ።

መስኮቱ ቢያልፍባችሁም አንድ መውጫ አለ፦ መስኮቱ ሳይዘጋ በፊት ውሉ ያበቃ ተጫዋች በኋላም ሊመዘገብ ይችላል። ውሰት ግን በዚያ በር አይገባም።

መርሳ_ገበያ፦
20 ሺህ የተጣራ ነው ወይስ ጥቅል? ተጫዋች ሲናገር የተጣራውን ነው፣ ገንዘብ ክፍል ሲያጸድቅ ጥቅሉን። በአዲሱ የገቢ ግብር ሰንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጣል። በእጁ 20,000 እንዲገባ ጥቅሉ 27,600 ገደማ መሆን አለበት፤ በ5 ወር ሲባዛ ከ100 ሺህ ወደ 138 ሺህ ይወጣል። የጡረታ መዋጮና የቤት ኪራይ አልገቡበትም። አሁን ካልለያችሁት በሚያዝያ ደሞዝ ይቆማል፤ ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች ደግሞ በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል።

ወረባቦ_ኤድመንተን፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ አብሽሩ እመለሳለሁ። እዚህ ሰሜን አሜሪካ በበረዶ ሆኪ ይህ ነገር በየዓመቱ የዝውውሩ ማብቂያ ሲደርስ ይሠራል። የደሞዝ ጣሪያ ስላለ ለአራተኛው መስመር (በየተራ ከሚገቡት የአጥቂ ሦስትዮሾች የመጨረሻው) የሚፈለገው ርካሽ አጥቂ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2020 ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ባርክሌይ ጉድሮውን ከሳን ሆዜ ሻርክስ ወሰደ። የዓመት ክፍያው 925 ሺህ ዶላር ነበር፣ የዚያ ዓመት የቡድን ጣሪያ ደግሞ 81.5 ሚሊዮን። ለእሱ የመጀመሪያ ዙር የምልመላ ዕድላቸውን (አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ተራቸውን) ሰጡ፣ ስንቱ ሳቀባቸው! ያመጡት ለጎል አይደለም፤ ቡድኑ በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድልበት ገብቶ እንዲከላከልና ተጋጣሚን ከግድግዳው ጋር እንዲያጣብቅ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት ካመጡት ከብሌክ ኮልማንና ቀድሞም እዚያው ከነበረው ከያኒ ጉርድ ጋር አንድ መስመር ሆኖ በ2020ም በ2021ም ዋንጫ አነሱ።

ልዩነቱ እዚያ ተጫዋቹ በውሉ የተለየ አንቀጽ ካላስገባ ሳይጠየቅ ይሸጣል። እናንተ ጋ እሱ ካልፈረመ ነገር የለም፤ ስለዚህ ተቀያሪ ሆኖ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት። ቋሚ ነህ ብላችሁ አምጥታችሁ ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ልምምዱን ሁሉ ያበላሽባችኋል።

ፊዚዮ_ኮምቦልቻ፦
ስለ ሰውነቱ አጭር ልበል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሐል ያለውን የሐረጎ ዳገት ስትወጣ ጆሮህ የሚነግርህን ሳንባው በኋላ ይነግረዋል። ልጁ ከቆላ ከመጣ አንዱ ሩጫ ፍጥነቱን አይቀንስበትም፤ የሚቸግረው ከሩጫ ወደ ሩጫ ያለው ማገገም ነው። የአጥቂ ሥራ ደግሞ ያው ሩጫ መደጋገም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱን ቀለል አድርጉለት፣ ውሃ ይጠጣ፣ እንቅልፉን ጠይቁት። ሁለት ሳምንት ቢያገኝ ጥሩ። ኳሷም በቀጭን አየር ትረዝማለች፤ የረጅም ኳስ መውደቂያ ግምቱ ለጥቂት ቀን ይሳሳታል፣ ችሎታ የለውም ብላችሁ አትፍረዱ።

ወንበር ላይ የሰነበተ ሰው ወዲያው 60 ደቂቃ ሲጫወት መጀመሪያ የሚበጠስበት የጭኑ የኋላ ጡንቻ ነው። በጉልበት ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ደረቱን ቀስ እያለ ወደፊት የሚያወርድበትን የኖርዲክ ልምምድ አስጀምሩት፦ አንደኛ ሳምንት አንድ ቀን፣ 5 ጊዜ በ2 ዙር፤ ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ቀን፣ 6 ጊዜ በ2 ዙር፤ ሦስተኛ ሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ በ3 ዙር። ስህተቱ በጨዋታ ዋዜማ ማሠራት ነው፣ እግሩ ታስሮ ይገባል። ያ የሚያመው አጥቂያችሁም ይሥራው እንጂ! ስትመረምሩት በአንድ እግር ወደፊት አስዘሉት፤ የደካማው እግር ርቀት ከጠንካራው 90 በመቶ በታች ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ጦሳ_ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ አጣራን፦ «ሀ» መስከረም ላይ መስኮቱ ሳይዘጋ ለሌላ ክለብ 20 ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ነበር፣ ከዚያ ነው አሁን ወዳለበት የሄደው። አለቀ ማለት ነው? ከጎሎቹም ሦስቱ ባይሆኑም ሁለቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። የ«ለ» ክለብ ግማሹን ደሞዝ እከፍላለሁ ብሏል፣ በቃል።

አዝዋ፦
አልቋል። እናንተ ሦስተኛው ናችሁ፤ መዝግባችሁ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ፣ ብታሰልፉት ግን 3 ለ 0 ፎርፌ ነው። ለደጋፊው ይህንኑ ንገሩት፣ ይገባዋል።

«ለ»ን ያዙ፤ የቃሉን ግማሽ ግን ዛሬውኑ በደብዳቤ አስመጡ፣ ብሩ በቁጥርም በፊደልም፣ የሚገባበት ቀንም ይጻፍበት። ቴሴራው (የተጫዋችነት መታወቂያ ካርዱ) ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያውና ከመልቀቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የአያት ስም ሲለያይ ምዝገባው ይመለሳል፣ ማስተካከያው ደግሞ ባለቤት ክለቡ ጋ ነው የሚያልቀው፤ መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አትድረሱበት።