አስቸኳይ! ስላይዱ በሙሉ አረንጓዴ ሆነብኝ

ሚጡ_ላብ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። የአይጥ አንጀት ላይ የስኳር ሰንሰለቶችን በፍሎረሰንስ ለማየት ደብሊው ጂ ኤ የሚባለውን የስንዴ ሌክቲን (ስኳር የሚይዝ ፕሮቲን) ከኤፍአይቲሲ (አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) ጋር ተጠቀምኩ። ንፍጥ የሚያመነጩት ጎብሌት ሴሎቹ ብቻ እንዲያበሩ ነበር የፈለግኩት። አሁን ባዶው መስታወት ሳይቀር አረንጓዴ ነው። ነገ ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ!

የድሮ_ቴክኒሻን፦ እናንተ ልጆች መሠረቱን ትዘላላችሁ። ማክማነስ በ1946 ሙሲንን (ስኳር ያለበት የንፍጥ ፕሮቲን) በፒኤኤስ (በፔሪዮዲክ አሲድና በሺፍ ሪኤጀንት) ሲያሳይ ሌክቲን አላስፈለገውም። ፔሪዮዲክ አሲድ ስኳሩን ሰብሮ አልዴሃይድ ያወጣል፣ ሺፍ እዚያ ላይ ተይዞ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ያው ቀለም በአረንጓዴ ብርሃን ሲመታ ቀይ ያበራል። ፍሎረሰንስ ካማረሽ እሱም አለልሽ።

ቤቲ፦ በፒቢኤስ (በጨው ማጠቢያው) በደንብ እጠቢው። አምስት አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ።

ካሌብ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ደብሊው ጂ ኤ፣ ኤን አሴቲል ግሉኮሳሚንና ሲያሊክ አሲድ የሚባሉት ስኳሮች ያሉበትን ሁሉ ይይዛል። የአንጀቱ የላይኛው ጠርዝም ያበራል። "ጎብሌት ብቻ" ብለሽ አትጠብቂ።

ሚጡ_ላብ፦ እሺ፣ ግን መስታወቱስ?

ናቲ፦ ሌክቲኑ ያለቦታው እንዳይለጠፍ በምን ብሎክ አደረግሽ?

ሚጡ_ላብ፦ በ5% ወተት፣ እንደ ዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን ምርመራው)።

ጉዱ_ካሳ2፦ በሁዳዴ ወተት? ንስሐ ግቢ ሃሃሃ

ናቲ፦ በቃ፣ ተገኘ። የወተት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ስኳር አላቸው። መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ሌክቲኑን ይዘውልሻል። በንጹህ 1% ቢኤስኤ (የከብት አልቡሚን) ቀይሪው፣ ሴረምም አትጠቀሚ። ሁለት ስላይድ ጨምሪ፦ አንዱ ምንም ቀለም ያልነካው፤ እሱም ካበራ ችግሩ ከቲሹው ነው። ሌላው ላይ ሌክቲኑን አስቀድመሽ ከኤን አሴቲል ግሉኮሳሚን ጋር ቀላቅለሽ ጨምሪ፤ ብርሃኑ ክፉኛ ከደከመ ያየሽው እውነት ነው።

ቤቲ፦ እኔም ያልኩት ይታጠብ ነው።

ናቲ፦ የተለጠፈ ወተት በማጠብ አይለቅም፣ ቤቲዬ። አዲስ የቲሹ ቁራጭ ነው የሚያዋጣት።

ካሌብ፦ ቲሹው እንዳይበላሽ የተያዘው (ፊክስ የተደረገው) በፎርማሊን ነው ወይስ በግሉታራልዴሃይድ? ግሉታራልዴሃይድ ከሆነ ያለ ቀለምም ያበራል። በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ማዳከም ይቻላል።

የድሮ_ቴክኒሻን፦ ግሉታራልዴሃይድ ከሆነ ፒኤኤስ ያልኩትንም ተዪው። የተረፈው አልዴሃይድ ሺፉን ይይዝና ሁሉም ሮዝ ይሆናል።

ካሌብ፦ ሚጡ? አለሽ?

ሶስና_ባዮ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ የተረፈ ኮንኤ (ሌላው ሌክቲን) ያለው ሰው አለ? የእኛ ትእዛዝ ጉምሩክ ላይ ቆሟል።

ጉዱ_ካሳ2፦ ወተት ነው ያለን።