የከተማ ንብረት ለባለሀብት ሲሰጥ ጨረታ ይሁን ወይስ ድርድር?

ሰሚት፦ ጓዶች የከተማ አስተዳደር መሬትም ይሁን የመንገድ ዳር ፓርኪንግ ለግል ድርጅት ሲሰጥ ጨረታ ግዴታ ይሁን ወይስ ጥሩ ኢንቨስተር ሲመጣ በቀጥታ ተደራድሮ ይስጥ? እኔ ድርድር ነኝ፣ ጨረታ የገንዘብ ትእይንት ነው የሆነው። በ2007 መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ 305,000 ብር የሰጠ ሰው ነበር እኮ፣ በካሬ! ያንን ደሞ በመጨረሻ የሚከፍለው ሱቅ የሚከራየውና እኛ ሸማቾቹ ነን።

አራት ኪሎ፦ እህቴ ዋጋውን ጨረታው አይደለም የሰቀለው፣ ለጨረታ የሚወጣው ቦታ ማነሱ ነው። ደሞ ድርድር ስትዪ የ2004ቱን የሊዝ አዋጅ 721ን አይተሽዋል? መሬት በጨረታ ወይ በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በቀጥታ ተመድቦ፣ ነው የሚለው። ምደባው ለመንግስት ቢሮ፣ ለሆስፒታል፣ ለእምነት ቦታ ምናምን ነው፣ እሱ ላይ ጸብ የለኝም። ግን እዛው ዝርዝር ውስጥ ልዩ ሀገራዊ ጠቀሜታ አላቸው የተባሉ ፕሮጀክቶች የምትል አንቀጽ አለች፣ ከንቲባው አይቶ ለካቢኔ የሚመራቸው። ጠቀሜታውን ማን ለካው? በምን? በዛች ቀዳዳ ሞልም ሆቴልም ይሾልካል።

ሰሚት፦ ኧረ ሁሉም ሌባ ነው ካልክማ ጨረታውንስ የሚያወጣው ያው ሰው አይደል

የቺካጎው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እኔ እዚህ ቺካጎ ኡበር ስለምሰራ ይሄ ነገር በየቀኑ ያገኘኛል። በፈረንጅ 2008 ከንቲባ ዴሊ የመንገድ ፓርኪንግ ሜትሮቹን፣ የክፍያ ማሽኖቹን ማለቴ ነው፣ ወደ 36 ሺ ይሆናሉ፣ ለ75 አመት ሞርጋን ስታንሊ የሚባለው ባንክ ለሚመራው ቡድን በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ፣ እና ስሙኝ ይሄ ጨረታ ነበረው! ግን ምክር ቤቱ ጉዳዩ ከተነገረ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ነው 40 ለ5 ያጸደቀው፣ ማን አንብቦት? በቀጣዩ አመት የከተማው ኢንስፔክተር ጄኔራል፣ ተቆጣጣሪው ማለት ነው፣ አስልቶ ከተማው ማግኘት ከሚገባው በ974 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነው ያገኘው አለ። ዳውንታውን በሰዓት 3 ዶላር የነበረው 2013 ላይ 6.50 ገባ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ከተማው ለፌስቲቫል ወይ ለጥገና መንገድ ዘግቶ ሜትር ስራ ሲያቆም ከተወሰነ ልክ ካለፈ ለድርጅቱ ካሳ ይከፍላል፣ በገዛ መንገዱ! ብሩ ደሞ የበጀት ቀዳዳ እየደፈነ በጥቂት አመት ውስጥ አለቀ፣ ውሉ ግን አለ።

ሰሚት፦ በለው! ታዲያ ይሄ እኔን ነው የሚደግፈው፣ ጨረታውም አላዳናችሁም

አራት ኪሎ፦ አይደግፍሽም። ጨረታ ብቻውን አይበቃም ነው እንጂ ጨረታ ይቅር አይልም

የቺካጎው፦ አዎ እንደሱ ነው። 2013 ላይ እዚሁ ያለውን ሚድዌይ ኤርፖርትን ሊያከራዩ ሲሉ ከቀሩት ሁለት ተጫራቾች አንደኛው ሲወጣ ከዴሊ በኋላ የመጣው ከንቲባ ኢማኑኤል ሰረዘው፣ በአንድ ተጫራች አይሆንም ብሎ። ዘመኑም ከ40 አመት በታች ነበር የታሰበው። ከሜትሩ ተምረው ነው።

አራት ኪሎ፦ እኛ ጋም እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ቦታ ተጫራቹ ከ3 ማነስ የለበትም ይላል 721።

ላፍቶ፦ ወረቀት ላይ! 3 ኤንቨሎፕ አንድ ሰው ሊያስገባ ይችላል። ደግሞ ስለ ፓርኪንግ ካነሳችሁ እኔ ሰፈር የሚያሰሩት ተደራጅተው ያሉ ልጆች ናቸው፣ ደረሰኟን ቆርጠው ዋይፐር ስር ሸጎጥ ያደርጋሉ። ጨረታ ቢባል ካሜራና አፕ ያለው ካምፓኒ ነው የሚወስደው፣ እነሱ የት ይሂዱ?

የቺካጎው፦ ወንድሜ ለነሱማ በአጭር ውል፣ ሁለት ሶስት አመት፣ በግልጽ መስፈርት ይሰጥ፣ እኔ ምንም የለኝም። ጸቤ ከረጅሙ ጋ ነው። አዲስ አበባ የንግድ ቦታ ሊዝ 60 አመት አይደል? 60 አመት የሚያስር ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩም ገዢውም ያልቀጠረው ሰው ይገምተው፣ ውሉ ሙሉውን ይለጠፍ፣ ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወር ይየው።

ሰሚት፦ አንድ ወር? ኢንቨስተሩ እስከዛ ኪጋሊ ሄዶ መሰረት ይጥላል ሃሃሃ

አራት ኪሎ፦ ለ60 አመት ሊገባ የመጣ ሰው አንድ ወር ካልጠበቀ ምን እንዳይነበብበት ነው የሚጣደፈው?

ላፍቶ፦ የኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፣ ልጆቹስ ውሉ ሲያልቅ?