«ባዚሊካ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጭሮ አዳሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሮምን ለሚጎበኙ ሰዎች የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በየገጹ «ባዚሊካ» ይላል። «ታላቅ ቤተ ክርስቲያን» ብዬ ልገላገለው ስል «የማክሴንቲዩስ ባዚሊካ» የሚል መጣብኝ። ማክሴንቲዩስ እኮ ቆስጠንጢኖስ በ312 ሚልቪያን ድልድይ ላይ ድል ያደረገው ንጉሥ ነው። ክርስቲያን አይደለም። ታዲያ በምን ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል? እንዳልዘለው ቃሉ በየቦታው አለ፣ እንዳልተረጉመው ልክ የሚሆን ቃል አጣሁለት። የምታውቁ ተባበሩኝ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው፣ መጽሐፉ እንደዛ ስለሆነ።

የሮማዋ፦
እህቴ፣ ቃሉ ከክርስትናም በዕድሜ ይበልጣል። ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን ባዚሊካ ያሠራው ካቶ የሚባል የሮማ ባለሥልጣን ነው፣ በ184 ከክርስቶስ ልደት በፊት። ሥራው ምን ነበር ብትይኝ፣ የማይሆነው ነገር አልነበረም። ዳኛ ይቀመጥበታል፣ ጠበቃ ይሟገትበታል፣ ገንዘብ መንዛሪ ጠረጴዛውን ይዘረጋበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሥራ ያለውም የሌለውም ይጠለልበታል። በ112 የተመረቀው የንጉሥ ትራያን ባዚሊካ ኡልፒያም የዚሁ ዓይነት ነው፣ መጠኑ ብቻ ጉድ ያሰኛል።

ቅርጹን ልብ በዪው። ረጅም አዳራሽ ነው። ውስጡ በረድፍ የቆሙ ዓምዶች አሉ፣ መካከለኛው ክፍል ከግራና ከቀኙ ከፍ ይልና ከላይ መስኮት ይደረደርበታል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በግማሽ ክብ ወደ ውጭ የወጣ ግድግዳ አለ። ዳኛው የሚቀመጠው እዛ ነው።

በ313 ክርስትና ሲፈቀድ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቤት ተፈለገ። የጣዖቱን ቤት እንዳይወስዱት፣ የማይሆን ነገር ነው። ማስጠላቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሮማውያን ቤተ ጣዖት የሐውልቱ ማደሪያ ነው እንጂ ሕዝብ ገብቶ የሚሞላው ቤት አይደለም፤ መሠዊያው ራሱ ከደጅ ነው ያለው። ክርስቲያኑ ግን የሚቀድሰውም የሚቆርበውም ውስጥ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ቆስጠንጢኖስ ሮም ላሠራቸው ለላተራኑም ለቫቲካኑም (ለቅዱስ ጴጥሮስ) ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የመንግሥት አዳራሽ ቅርጽ ሰጣቸው። ዳኛው ተነሣ፣ ጳጳሱ ተቀመጠ።

ይሄን በዓይኔ ልየው የሚል ሰው ጀርመን፣ ትሪየር ይሂድ። የቆስጠንጢኖስ የዙፋን አዳራሽ እስካሁን ቆሟል፣ 67 ሜትር ርዝመት፣ 33 ሜትር ከፍታ። ዛሬ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ዓምድ የለ፣ ሥዕል የለ፣ ዓይን ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለው ቀጥ ብሎ ንጉሡ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ ይሄዳል። የታሰበውም ለዚሁ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ ከሥሩ ልምጣ። ባሲሌውስ በግሪክ ንጉሥ ነው፣ ባሲሊኬ ደግሞ የንጉሥ የሆነ። ይሄ ቃል ለኛ እንግዳ አይደለም። «ባስልዮስ» የሚለው ስም ከዚሁ ነው፣ የመጀመሪያው ፓትርያርካችን አቡነ ባስልዮስ የተጠሩበት። የአክሱም ነገሥታትም ገንዘባቸው ላይ ስማቸውን በግሪክ ፊደል ሲያስቀርጹ ከስሙ ጋር የሚመጣው «ባሲሌውስ» ነው። ከእንዱቢስ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ገና ክርስትና ሳይገባ። በኋላ ኢዛና የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀሉን ሲያስገባ ቃሉን አልነካውም።

ሕንጻውም ቢሆን ቅርባችን ነው። የሐ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ በሚባለው ቦታ ተቆፍሮ የተገኘና በ2019 ለዓለም የተነገረለት የ4ኛው መቶ ዘመን ባዚሊካ አለ። የቦታው ስም በትግርኛ ሰሚዎች የሚቀመጡበት ቤት እንደማለት ነው፣ ማለትም አቤቱታ የሚሰማበት። ስሙ ከሕንጻው ጋር ይገናኝ አይገናኝ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን የሮማዋ ከላይ ስለ ዳኛው የጻፈችውን አንብቦ እዚህ ስም ላይ ፈገግ የማይል የለም።

የኔ ሐሳብ «ባዚሊካ» ብለሽ ተዪው። አንዴ መግቢያው ላይ አብራሪው፣ ከዛ በኋላ በነጻ ተጠቀሚበት።

ጭሮ አዳሪ፦
እሺ፣ ይሄኛው ገባኝ። ካቴድራልስ? መጽሐፉ የቅዱስ ጴጥሮስን አንዴም ካቴድራል አላለውም። እኔ ደግሞ ካቴድራል ማለት ከባዚሊካ ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር።

የሮማዋ፦
መጽሐፍሽ ልክ ነው። የሮም ካቴድራል ላተራን ነው፣ የጴጥሮሱ አይደለም። ካቴድራ ወንበር ነው፤ የአገሩ ጳጳስ ወንበር ያለበት ቤት ካቴድራል ይባላል፣ ትንሽም ቢሆን። ባዚሊካ ግን ዛሬ ሁለት ነገር ሆኗል። ለሥነ ሕንጻ ሰዎች ቅርጽ ነው፣ ለካቶሊኮቹ ደግሞ የማዕረግ ስም። ሁለቱን ካልለየሽ ጣልያን ውስጥ ራቬና ከተማ ስትደርሺ ግራ ይገባሻል፦ በ547 የተቀደሰው ሳን ቪታሌ ባዚሊካ ይባላል፣ ሕንጻው ግን ስምንት ማዕዘን ነው!

የቆሎ ተማሪ፦
ለካቴድራል እኮ የራሳችን ቃል አለን። «መንበር»። መንበረ ፓትርያርክ፣ መንበረ ጵጵስና እንላለን፣ ነገሩ አንድ ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ ታቦቱ የሚቀመጥበትም መንበር መባሉ ነው።

ጋሼ ቱንቢ፦
ልጆች፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ያ ግማሽ ክብ ጫፍ «አፕስ» ይባላል፣ እንግዲህ ጭሮ አዳሪ እሱም ሳያጋጥማት አይቀርም። አደራ፣ «መቅደስ» ብለሽ እንዳትጽፊው። መቅደስ በውስጡ የሚሠራበት ሥራ ስም ነው፣ አፕስ ግን የግድግዳው ቅርጽ ነው። የማክሴንቲዩሱም አፕስ አለው፣ ማን ቀደሰበትና! እኔ ብሆን «ግማሽ ክብ ጓዳ» እለዋለሁ። ውብ አይደለም፣ ግን ግንበኛም ይገባዋል፣ አንባቢም ይገባዋል።

ሌላም ልንገርሽ። ባለ ክብ ጣሪያውን የሮም ሕንጻ፣ ፓንቴዎንን፣ ስትተረጉሚ «የአርማታ ጣሪያ» እንዳትዪ። አርማታ የጣልያን ቃል ነው፣ የታጠቀ ማለት፣ ፌሮ የገባበት። የሮማውያኑ ኮንክሪት ውስጥ አንድም ፌሮ የለም። ኖራ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ የድንጋይ ስብርባሪ ነው፣ አለቀ። 43 ሜትር ከምናምን ስፋት ያለው ጣሪያ ያለ ፌሮ ከንጉሥ ሃድሪያን ዘመን ጀምሮ አናታቸው ላይ ቆሟል። እንዴት ቢሉ፣ ከታች ድንጋዩ ከባድ፣ ወደ ላይ እየሄደ ቀላል፣ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የቀላቀሉበት። ውፍረቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ከታች 6 ሜትር ግድም የነበረው ከላይ ወደ አንድ ሜትር ከምናምን ይወርዳል። መካከሉ ላይ ደግሞ ክፍት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራውን፣ አናቱን፣ ጨርሶ አልገነቡትም። እኔ በሙያዬ ብዙ ሶሌታ አስሞልቻለሁ፣ ካሳ ፎርማ በተነሣ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ እነዚያ ሰዎች እንጨቱን ያነሡ ዕለት ምን እንደተሰማቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጭሮ አዳሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። «ዶም» የሚለውንስ? «ጉልላት» ብዬዋለሁ።

ጋሼ ቱንቢ፦
ያስኬዳል፣ ሁሉም የሚለው እሱኑ ነው። እኔ ግን ትንሽ ይከነክነኛል። ጉልላት ለኛ የጣሪያው አናት ላይ የሚቀመጠው ጌጥ ነው፣ መስቀሉ፣ የሰጎን እንቁላሉ። ፓንቴዎን ላይ ጉልላት መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው!

የሮማዋ፦
😂 ዝናቡም ወደ ውስጥ ይገባል ጋሼ፣ ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። ግን «ጉልላት» አሁን ሥራ ላይ የዋለ ቃል ነው፣ ሰው ሁሉ ክብ ጣሪያ ብሎ ይረዳዋል። ለቁስጥንጥንያዋ ሐጊያ ሶፊያ ሌላ ምን ልንል ነው? ተዪው፣ ጉልላት በዪ።

ጭሮ አዳሪ፦
ቀጣዩ «ስፖሊያ» ነው። የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ላይ መጣብኝ።

የቆሎ ተማሪ፦
በላቲን ከወደቀ ጠላት ላይ የሚገፈፍ ትጥቅ ነው። «ምርኮ»። «የምርኮ ድንጋይ» ብትዪስ?

የሮማዋ፦
አልስማማም ወንድሜ። ቃሉ ለድንጋይ የተሰጠው ብዙ ቆይቶ ነው፣ ቆስጠንጢኖስ ራሱ እንዲህ አላለውም። ነገሩ ወዲህ ነው። በ315 ቅስቱ ሲሠራ ከትራያን፣ ከሃድሪያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች የተነሡ ቅርጻ ቅርጾች ተገጠሙበት። አንገታቸው ላይ የነበረውን ፊት ጠርበው የቆስጠንጢኖስን መልክ ሰጡት። አንዳንዱ ሰው ይሄን አይቶ «ጠራቢ ጠፍቶ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «የደጎቹ ነገሥታት ወራሽ ነኝ ለማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን «ምርኮ» አይሆንም፣ እሱ እኮ ትራያንን አልማረከም፣ ያከብረዋል እንጂ። እዛው ሮም ያለችውን የሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን እዩ ደግሞ፣ በ422 ተጀምሮ በ432 አካባቢ ያለቀች ናት። 24ቱም ዓምዶች ከሌላ ሕንጻ የመጡ ናቸው፣ ግን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማንም ልብ አይልም። እዛ ውስጥ ቆሞ ምርኮ የሚለው ቃል ትዝ የሚለው ሰው የለም። ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ ጸጥ ያለ ቤት ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ በፊት እሷን እዩ እላለሁ ለማንም፣ ባዚሊካ ምን እንደነበረ የሚገባው እዛ ነው።

ጋሼ ቱንቢ፦
ግንበኛ ቢጠየቅ «ከፈረሰ ቤት የወጣ ድንጋይ» ይልሻል። የፍራንኮቹ ንጉሥ ሻርለማኝም ጀርመን ላለው ለአኸን ጸሎት ቤቱ ዓምዶችን ከሮምና ከራቬና ነው ያስጫነው። ተራራ አቋርጦ! እዛው አካባቢ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም።

ጭሮ አዳሪ፦
«ከቀድሞ ሕንጻ የተወሰደ» እላለሁ እንግዲህ። ረዘም ይላል፣ ግን ማንንም አያጣላም። ፓንቶክራቶርስ? የክርስቶስ ሥዕል ነው፣ መጽሐፉ «ሁሉን ቻይ» ብሎ ነው የሚፈታው።

የቆሎ ተማሪ፦
እዚህ ላይ ግን ዝም አልልም። 🙂 ጸሎተ ሃይማኖት በግእዝ ምን ይላል? «ነአምን በአሐዱ አምላክ እግዚአብሔር አብ አኃዜ ኵሉ»። ግሪኩ «ፓንቶክራቶር» የሚለው ቦታ ላይ ነው። አኃዜ ኵሉ፣ ሁሉን የያዘ። አባቶቻችን ቃሉን ከሁለት ሰንጥቀው ሁለቱንም መለሱት፣ ፓን «ኵሉ»፣ ክራቶር «አኃዚ»። «ሁሉን ቻይ» ግን የመጣው በላቲኑ በኩል ነው፣ ኦምኒፖቴንስ ከሚለው። ስሕተት አይደለም፣ ሌላ ቃል ነው እንጂ። መቻልና መያዝ አንድ አይደሉም።

ሥዕሉንም እዪው። ሲና ተራራ፣ በቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው መቶ ዘመን ሥዕል በሰም የተሣለ ነው። በቀኝ እጁ ይባርካል፣ በግራው ወንጌሉን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዞታል። ሁለቱ ዓይኖቹ አይመሳሰሉም፣ አንዱ ወገን ፊቱ የዋህ ነው፣ ሌላው ወገን ቆጣ ያለ፣ ቅንድቡም ከፍ ያለ። «ሁሉን የያዘ» ብለሽ ጻፊ፣ አማርኛው ጸሎትም እንደዛ ነው የሚለው፣ አንባቢሽ በቃሉ ያውቀዋል።

ጭሮ አዳሪ፦
ይሄ ደስ አለኝ! የተርጓሚ ማስታወሻ አደርገዋለሁ።

የሮማዋ፦
ሥዕል ከተነሣ፣ ሞዛይክን «የጠጠር ሥዕል» እንዳትዪው። የራቬናው አብዛኛው ብርጭቆ ነው። ወርቃማው ደግሞ ስስ የወርቅ ቅጠል በሁለት ብርጭቆ መካከል ገብቶ የተሠራ ነው፣ ያውም እያንዳንዷን ፍሬ ሆን ብለው ትንሽ አጋድለው ነው የሚተክሏት፣ ብርሃኑ ከሁሉም እኩል እንዳይመለስ። ለዚህ ነው ስትራመጂ ግድግዳው አብሮሽ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው።

ራቬና ከሄዳችሁ ሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስተቀኝ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን የቤተ መንግሥት ሞዛይክ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ እዩ። ያሠራው የጎቶቹ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው፣ አርዮሳዊ ነበር። በዓምዶቹ መካከል ሰዎች ነበሩ ይባላል፣ የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ሳይሆኑ አይቀሩም። ከተማዋ በባይዛንታይኖች እጅ ስትገባ ሰዎቹን አስነሥተው በቦታቸው ነጭ መጋረጃ ተከሉ። ግን ዓምዶቹን አልነኳቸውም። ዓምዶቹ ላይ ደግሞ ጣቶች ቀሩ። እጅ ብቻ፣ ባለቤት የሌለው፣ ከመጋረጃው ወጥቶ ዓምዱ ላይ ያረፈ። ሠራተኛው ቸኩሎ ይሁን ሰንፎ እንጃ፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው ይላል።

የቆሎ ተማሪ፦
ሰዉን ፍቀው እጁን ተዉት? ጉድ ነው።

ጭሮ አዳሪ፦
«ሞዛይክ» እንዳለ ይቀመጣል ማለት ነው። የመጨረሻዋ «ናርቴክስ» ናት። ደጀ ሰላም ብዬ ልለፋት?

የቆሎ ተማሪ፦
አይሆንም። ደጀ ሰላም ከቅጥሩ በር ላይ ነው፣ ከሕንጻው ተለይቶ። ናርቴክስ ግን ከሕንጻው ጋር የተያያዘ ነው፣ ገና ያልተጠመቁት የሚቆሙበት። እነሱ በኛ ንኡሰ ክርስቲያን ይባላሉ፣ ይሄንን ቃል መጠቀም ትችያለሽ።

ጋሼ ቱንቢ፦
የመግቢያ ክፍል በያት፣ ከጎኗ «ንኡሰ ክርስቲያን የሚቆሙባት» ብለሽ ጨምሪበት። ስትጨርሺ ደግሞ የፓንቴዎኑን ገጽ ወዲህ ላኪልኝ፣ ቁጥሮቹን አይልሻለሁ።