በእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ሰባት መድኃኒቶች

የመጨረሻ ልጅ፦
እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ አብራኝ ትኖራለች። ደም ግፊት፣ ስኳርና የጉልበት ሕመም አለባት። ማክሰኞና ዓርብ አንዲት ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ትለካታለች። ባለፈው ወር ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ተመስገን። ግን ጠዋት ጠዋት ትደናገራለች፤ አንድ ቀን በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። ዘመድ ሁሉ «እርጅና ነው» ይለኛል። እርጅና በአንድ ወር ይመጣል እንዴ?

እሑድ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ማንም እንዲነካባት የማትፈልገውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩት። ለግፊቷ ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒንና የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳሯ ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ከሆስፒታል የታዘዙ ናቸው። ዳይክሎፌናኩን ለጉልበቷ ራሷ ከመድኃኒት ቤት ትገዛለች። የእንቅልፍ መድኃኒቱን ዳያዜፓምን አምና አንድ ክሊኒክ ለሁለት ሳምንት ብቻ ብሎ ሰጥቷት ነበር፤ እስካሁን አልቆመም። ሰባተኛው ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው፣ ማታ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ዳይፈንሃይድራሚን አለበት ይላል።

ሁዳዴ ስለሆነ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። የስኳር መድኃኒቷን ግን ጠዋት ትውጣለች፤ «መድኃኒት ጾም አያስፈታም» ባይ ናት። ዓርብ ረፋድ ላይ ስኳሯ ወደ 58 ወርዶ ተገኘ። ነርሷ ስኳር በጥብጣ በግድ አጠጣቻት፤ እናቴ እስከ ማታ አኮረፈች። ከእነዚህ የትኛውን ላውጣ?

ፋርማሲስት ከጅማ፦
እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። ዳያዜፓሙን አንስተው እንዳይጥሉት። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቆም እስከ መንፈራገጥ ሊደርስ ይችላል፤ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ወንድምዎ የላኩትን ግን ዛሬውኑ ያስቀሩ። ዳይፈንሃይድራሚን አዛውንትን ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል።

ለአዛውንቶች የማይመከሩ መድኃኒቶችን አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ዘርዝረው ነበር፤ ዝርዝሩ በ2023 ታድሷል። ከእናትዎ ሰባት መድኃኒቶች አራቱ እዚያ አሉ፦ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ዳያዜፓም፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደግሞ ዳይክሎፌናክ። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ የጉልበቱ መድኃኒት ነው። ዳይክሎፌናክ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊት ሲደክም ግሊቤንክላሚዱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ስኳሩም ይወርዳል። የኩላሊት ምርመራ ያሠሩላቸው። የሚያሸናውን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?

የመጨረሻ ልጅ፦
ማታ፣ ከእንቅልፍ መድኃኒቱ ጋር። አሁን ስጽፈው ራሴን ያዝኩ።

ቀጥተኛው፦
ሐኪም ያዘዘውን መነካካት ድፍረት ነው። አባቴ በቀን ዘጠኝ እየዋጡ 88 ደርሰዋል።

ነርስ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ሐኪሙን ማንም አልከሰሰም። የሆስፒታሉ ሐኪም ስለ ክሊኒኩ አያውቅም፣ ክሊኒኩ ስለ አሜሪካው አያውቅም። እኔም ቤት ለቤት ስዞር ለዓመታት የምጠይቀው «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብቻ ነበር፤ «የትኛውን?» ማለት የጀመርኩት አንዲት እናት አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ሲወስዱ ካገኘሁ በኋላ ነው። እህቴ፣ በቃል አይንገሯቸው፤ ቆርቆሮውን እንዳለ ተሸክመው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያራግፉት። ነርሷም ግፊታቸውን አስተኝታ፣ ከዚያም አስቁማ ትለካቸው። ቁጭ ብለው ብቻ ከተለኩ ሲነሡ ግፊቱ ወርዶ የሚጥላቸው ከሆነ አይታይም።

የመጨረሻ ልጅ፦
ሄድን። እናቴ ቆርቆሮውን እስከ በሩ ድረስ በነጠላዋ ሸፍና ያዘችው። ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን በሌላ ቀየረላት፤ የሚያሸናውን ወደ ጠዋት አዞረው፤ ዳይክሎፌናኩን አስቀርቶ ለጉልበቷ የሚቀባ ሰጣት። ዳያዜፓሙ ለጊዜው በግማሽ ሆኗል። በግማሽ ኪኒን ሌሊቱን ሳልተኛ እያነጋሁ ነው ብላ ትማረርብኛለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ወንድሜ ስደውልለት «እኔም እውጠዋለሁ፣ ምን አደረገኝ?» አለ። ዕድሜው 46 ነው!

የእሱን ብልቃጥ ልጥል ቆርቆሮውን ስከፍት ግን አጣሁት። «ጎረቤታችን እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስትል ሰጠኋት» አለችኝ እናቴ። ጎረቤታችን 83 ዓመታቸው ነው። ነገ በጠዋት ብልቃጡን ልቀበላቸው እሄዳለሁ።